ጣናን የዞረ ለአንዲት በረንዳ

መሐመድአወል ደክሞት ነበር። ይህን አስቀድሜ ልበላችሁ፤ ኋላ የሠራውን ስትሰሙ ለመፍረድ እንዳትጣደፉ። ድካም ስል ደግሞ ከገበያ ተመልሶ «ወይ ወገቤ!» የሚል ሰው ዓይነት ድካም አይደለም። እንቅልፍ የማያወጣው፣ ጠዋት ከሰውየው ቀድሞ የሚነሣ ድካም ነው።

ጢም ሳያበቅል ነው መንገድ የጀመረው። አባቱ ይፋግ ላይ ሸማኔ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ አጎቱ ኮሮጆ አሸክመው ከቤት አወጡት፣ ከዚያ ወዲያ ትከሻው አላረፈም። መርፌ፣ ክር፣ ኩል፣ ዶቃ፣ የእጅ መስታወት ይዞ ጣናን ሲዞር ኖረ። ደግሞ የማተብ ክር! እንዴ፣ ምን ያስቃችኋል? እስላም ሆኖ የክርስቲያኑን ማተብ የሚያቀርበው እሱ ነበር። ከዘጌ እስከ ጎርጎራ ስንቱ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ያንገቱ ክር የተገኘው ከመሐመድአወል ኮሮጆ ነው። ቄሶቹ ራሳቸው «የሱ ክር ቀለሙን አይለቅም» እያሉ ሰው ይልኩበት ነበር።

እንዲህ መታወቁ ግን ራሱ ሌላ ሸክም ሆነበት። በየደጁ «ግባ!» አለ። ገብቶ ካልቀመሰ ቅያሜ ነው። የታመመ ካለ ጠይቆ፣ አራስ ካለች «እንኳን ማረሽ» ብሎ፣ የሞተ ካለ ለቅሶ ተቀምጦ ነው የሚያልፈው። ሌላው ሰው ከቁርስ እስከ ምሳ በሚጨርሰው መንገድ እሱ ሳምንት ይከርማል።

ወረታ ላይ የተከራያት አንዲት ክፍል ቤት ነበረችው። ሚስቱ ዘይነብ «ባል አለሽ ወይ?» ሲሏት «ቆይ እስቲ ገበያተኛውን ልጠይቅ» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን አትስቅም። ልጅ አላህ አልሰጣቸውም። እሱ ሲመጣ እግሩን በሞቀ ውሃና በጨው ትዘፈዝፍለታለች፣ ቁስሉን ቅቤ ትቀባዋለች፣ ጥቂት ሰንበት ብሎ ደግሞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደችው። እዚያ ሳለ ሕመሙ ለቀቀው፤ ወረታ ሲደርስ ተመልሶ መጣ።

«ያንተ እግር የሚፈልገው ፍል ውሃ አይደለም» አለችው። «መቀመጥ ነው የሚፈልገው።»

እውነቷን ነው። ሰውየው ከዚህ ዓለም የሚመኘው ነገር አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ኮሮጆውን አውርዶ አንድ ቦታ ተቀምጦ መሸጥ።

ቦታዋም ነበረች። ወረታ ላይ ትልቁ ሱቅ የሐጂ መሐመድሰዒድ ነበር፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆርቆሮ የለበሰች በረንዳ አለች። እዚያ ተቀምጦ ይሰፋ የነበረው ልብስ ሰፊ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ሞተ፤ የስፌት መኪናውን ዘመዶቹ ወሰዱ፤ በረንዳዋ ባዶዋን ቀረች። ትልቅ እንዳትመስላችሁ። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው እግሩን የሚያኖርበት ያጣል። ግን ገበያ መግቢያው ላይ ናት፣ ጥላ አላት፣ ጀርባ የሚሰጡት ግድግዳ አላት።

መሐመድአወል ሄዶ ለመነ። ሐጂ «ኢንሻአላህ» አሉት። በማግሥቱ ኢሳቅ የሚባል በርበሬና ጨው ተሸክሞ የሚዞር ሌላ ነጋዴ መጥቶ ያችኑ በረንዳ ለመነ። እሱም ደጅ ሙሉ ልጅ ያለው፣ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ነው። ሐጂ እሱንም «ኢንሻአላህ» አሉት። አይ ሐጂ! ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ሰውን ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት ከሳቸው ጋር አልተፈጠረም። ሁለቱም ተስፋ አድርገው ወጡ፤ ሐጂ ደግሞ ሁለቱን ባዩ ቁጥር ወደ ጓዳ መግባት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ክረምቱ ገባ። ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ባሕር ሆነ፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ወጣ፤ ነጋዴው ሁሉ ወረታ ላይ ተከተተ። ሥራ የፈታ ሰው ሐጂ ሱቅ ይሰበሰባል። ሐጂ ዘንድ ደግሞ ከአስመራ የሚመጣ ሾፌር የሰጣቸው ሽፋኑ የተገነጠለ የአማርኛ መጽሐፍ አለ። እሳቸው ቁርአን እንጂ የአማርኛ ፊደል ቶሎ አይሄድላቸውም፤ ስለዚህ የደብሩን መሪጌታ ቢሻውን ለመኑ፤ መሪጌታም ከሰዓት በኋላ እየመጡ ያነቡ ጀመር።

መጽሐፉ የሁለት ፈረንጆች ታሪክ ነው። ሁለቱም ሀብታም፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። እራት ላይ «እኔ እፈጥናለሁ፣ እኔ እፈጥናለሁ» ተባብለው ተጣሉና፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ዓለምን ዞሮ የራሱን ደጅ ቀድሞ ለመርገጥ ተወራረዱ። በቃ፣ ይኸው ነው! ለዚህ ብለው በመርከብ፣ በባቡር፣ በግመል፣ ውሻ በሚጎትተው ጋሪ ሳይቀር ይሮጣሉ። መሪጌታ እንደ ዳዊት ነው የሚያነቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ያነሡና እንደ ልማዳቸው ይተረጉማሉ። «ረጅሙ ወደ ምሥራቅ ሄደ ሲል፣ አንድም ፀሐይን ሊቀድም፤ አንድም ከሚስቱ ሊሸሽ።» ሱቁ በሳቅ ይሞላል።

መሐመድአወል ግን አይስቅም ነበር። አንድ ቀን አቋረጣቸው።

«መሪጌታ፣ እነዚህ ሰዎች ሰው ቤት አያድሩም?»

«ሆቴል ነው የሚያድሩ።»

«መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው፣ ግቡ የሚላቸው የለም?»

«የለም። ማን ያውቃቸዋል?»

«ታድለው!» አለ መሐመድአወል፤ ከልቡ ነበር ያለው።

መስከረም አጋማሽ ላይ መጽሐፉ አለቀ፤ ረጅሙ ቀድሞ ደጁን ረገጠ። መሪጌታ ሲዘጉት ሐጂ መሐመድሰዒድ ጭናቸውን መትተው ተነሡ። ክረምቱን ሙሉ ሲሸሹት የነበረው ነገር መላ ተገኘለት!

«ኢሳቅ በይፋግ በኩል፣ መሐመድአወል በባሕር ዳር በኩል» አሉ። «ውሃው ሲጎድል ጣናን ዞራችሁ ኑ። ቀድሞ በረንዳዬን የረገጠ ይቀመጥባት። እኔ አልፈርድም፣ አላህ ይፍረድ።»

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ዕጣ ቢጣል ምን ነበረበት? ትላላችሁ፤ እኔም እላለሁ። ግን ያ መጽሐፍ ክረምቱን ሁሉ አሳብዷቸው ነበር፤ የውድድሩን ሕግ ለማውጣት ሲሻሙ ዕጣ የሚባለውን ማንም አላሰበውም። በእግር ብቻ፣ መኪና የለም፣ ሐይቁን በታንኳ ማቋረጥ የለም፣ ዕቃ መያዝ የለም። ወዲያ ማዶ መገናኘታቸው አይቀርምና እርስ በርሳቸው ምስክር ናቸው።

ዘይነብ ስትሰማ ሳቀች። «ለመቀመጥ ብለህ ልትሮጥ?» አለችው። ከዚያ ደግሞ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። «በል ሂድ። ይቺን አንዴ ሂድና በቃህ።»

ኅዳር ላይ ወጡ። መሐመድአወል ያለ ኮሮጆ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር፤ ትከሻው ቀሎበት አረማመዱ ሁሉ ጠፋበት። ሰውም ግራ ገባው። ከጉማራ ወዲያ ያሉት «ዘረፉህ እንዴ?» አሉት። ባሕር ዳር «ታመህ ነው?» አሉት። ዘጌ ላይ አንዲት ሴትዮ ክንዱን ይዛ «መርፌዬስ?» ስትለው «እመለሳለሁ» ብሎ እጁን አስለቀቀ። «ውሃ እንኳ አትጠጣም? ምን አደረግንህ?» ብላ ከኋላው ጮኸች። ዓይኑን በጨው ታጥቦ አለፈ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ በየደጁ ያልገባበት ቤት እንደ እሾህ እየወጋው ነው የሄደው።

ከቁንዝላ አልፎ፣ ደልጊ ሳይደርስ፣ አንድ ዋርካ ሥር ኢሳቅን ተቀምጦ አገኘው። የኢሳቅ ጫማ ተበጥሶ በገመድ ታስሯል፤ እግሩ አብጧል። አጠገቡ ተቀመጠ። ያለቻቸውን ደረቅ ዳቦ ቆርሰው በሉ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ ፊታቸው አቧራ፣ ከፊታቸው ያ የማያልቅ ውሃ።

«ልጆቼ ምን ይሉኝ ይሆን?» አለ ኢሳቅ።

«እኔንስ ሚስቴ?»

አንዳቸው «እንተወው፣ አብረን እንመለስ፣ በረንዳዋንም ተካፍለን እንቀመጥባት» ቢል ሌላው እዚያው እቅፍ አድርጎ ይስመው ነበር። ሁለቱም ይህንኑ ነበር የሚያስቡት። ግን እያንዳንዱ ሌላው ይበለው ብሎ ጠበቀ። «ፈራ፣ ደከመው» እንዳይባል! ወይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ሰው ገደልሽው።

ኢሳቅ ሲነሣ እንዲህ አለ፦ «እዚያ ከጉብታው ሥር ካለው መንደር ለቅሶ አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አገሩ አያውቀኝ፣ አላውቀው፤ አልፌ መጣሁ።»

መሐመድአወል ወደ ጉብታው ዞሮ አየ። ያን መንደር ያውቀዋል። የእመት ወለተ ሐና መንደር ነው።

እመት ወለተ ሐና ማን መሰሏችሁ? ባል የሞተባቸው የገበሬ ሚስት ናቸው። መሐመድአወል ገና ጎልማሳ ሳለ በዚያ መንገድ ላይ ንዳድ ጣለው፤ አንስተው ቤታቸው አስገቡት። ጎረቤት «እስላም ቤትሽ ቢሞት ማን ያጥበዋል? ማን ይቀብረዋል?» ብሎ ቢጮህባቸው፣ «ሲሞት እስላም እንፈልግለታለን፤ እስኪሞት ግን ይብላ» አሉ። ክረምቱን ሙሉ አስታመሙት። ሥጋቸውን እንደማይበላ ያውቃሉና ዶሮ በሕይወቷ አምጥተው፣ ቢላዋውን በሚንቀጠቀጥ እጁ አስይዘው ራሱን ያሳርዱት ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ሳያድር አልፎ አያውቅም። ልጆቻቸው አዛናውና ንግሥቲ እሱን «አብዬ» እያሉ ነው ያደጉት።

ከመንደሩ በታች አንዲት ሙሽራ ውሃ ስትቀዳ አገኘ። ከሌላ አገር የመጣች ናት፣ አታውቀውም።

«ማን ሞቶ ነው፣ እናቴ?»

«እመት ወለተ ሐና። ዛሬ ነው የተቀበሩ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደ ላይ ቢያይ ዳሱ ይታየዋል፤ የሴቶቹ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ሊወጣ ተነሣ። ሁለት ሦስት እርምጃም ሄዷል። ከዚያ ቆመ። ወጥቶ ካለቀሰ ሠልስቱ ሳይወጣ መነሣት የለም፤ ማን ፊት ተነሥቶ ይሄዳል? ይህ ከሆነ ኢሳቅ እያነከሰም ወረታ ይገባል። በረንዳዋ ሄደች ማለት ነው። ኮሮጆው እስኪሞት ትከሻው ላይ ነው። ዘይነብም እንደ ልማዷ ገበያተኛ ስትጠይቅ ትኖራለች።

ያኔ መጽሐፉ ትዝ አለው። ረጅሙ ፈረንጅ አንድ ወደብ ላይ ሳለ ያሳደገው አጎቱ መሞቱን የሚናገር ቴሌግራም ደረሰው፤ አነበበ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መርከቡ ላይ ወጣ። መሪጌታ ያን ሲያነቡ ሱቁ ሁሉ «እግዚኦ!» «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ነበር። መሪጌታም የዚያን ዕለት ትርጓሜ አልሰጡም፤ መጽሐፉን ዘግተው ሄዱ። መሐመድአወል ራሱ «ይሄስ ሰው አይደለም» ብሎ ነበር።

«አርባቸው ላይ እደርሳለሁ» አለ ለራሱ። «በረንዳዬን ይዤ፣ እግሬን አሳርፌ፣ በወጉ መጥቼ አለቅሳለሁ። ሙት አይቀየምም።»

ጋቢውን ተከናንቦ መንገዱን ለቀቀ። በሐይቁ ዳር በደንገሉ መሐል፣ ጭቃው ጉልበቱ ድረስ እየዋጠው፣ ሰው እንዳያየው አጎንብሶ አለፈ። ድምፁ እየተከተለው ነበር፤ የንግሥቲን ለይቶ አወቀው። እያለቀሰ ነው የሄደ። አይ፣ አልዋሽም፣ ከልቡ አልቅሶላቸዋል። ግን ማንም ያላየው ለቅሶ በኛ አገር ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መሐመድአወል ራሱ በደንብ አያስታውስም። ጎርጎራን አለፈ፣ ደንቢያን አለፈ፣ እንፍራዝ ላይ ወደቀና ሰዎች ውሃ አፈሰሱበት። የተወለደበትን ይፋግን ሳያይ ተሻገረው። ርብን ወገቡ ድረስ ገብቶ ተሻገረ። ወረታ ሲደርስ ገበያው አልተበተነም ነበር፤ ሰዉ እያየው ገበያውን ሰንጥቆ በረንዳዋን ረገጠ። ሐጂ «አላሁ አክበር!» ብለው ጮኹ። ዘይነብ እልል አለች፤ ገበያተኛ ስትጠይቅ የኖረችው ሴት።

ኢሳቅ በማግሥቱ ጠዋት ገባ። መሐመድአወልን ተቀምጦ አየው። «አላህ ይባርክልህ» ብሎ እጁን ጨበጠውና ቤቱ ሄዶ ኮሮጆውን አነሣ። ልጆቹን ሰላም ለማለት እንኳ አልሰነበተም፤ የአዲስ ዘመን ከተማ ገበያ ሊያመልጠው ነበር።

መሐመድአወልም ተቀመጠ። እንዴት ያለ መቀመጥ! ሰሌን አነጠፈ፣ ሣንቃ ላይ ዕቃውን ደረደረ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ምሳ ከሚስቱ ጋር በላ። ማታ ማታ «ዛሬ ምን ዋልሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ዘይነብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሱ ሰምታ አታውቅም ነበር። የወለተ ሐና አርባ ሲደርስ እግሩ ከማበጡ ጫማ አልገባ አለው። እውነትም አብጦ ነበር። «ለጥምቀት» አለ። ጥምቀት አለፈ። «ጾም ሲፈታ» አለ። ስለ ለቅሶው ለዘይነብም አልነገራት። እንቅልፉ ግን ጠፋ፤ ተቀምጦ እየዋለ እንደ ተጓዘ ሰው ዝሎ ያድር ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን አዛናው ወረታ መጣ። የፎገራ ላም ሊገዛ ነው። መሐመድአወል ከሩቅ አየው፤ ጨርቅ አንስቶ ፊቱን ሊሸፍን አሰበ፤ ግን እጁ አልታዘዘውም። አዛናው ሱቁን አልፎ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ዞረ። በትሩ ከእጁ ወደቀ፣ አማተበ።

«አብዬ! አብዬ መሐመድአወል፣ በሕይወት አሉ?»

ሮጦ መጥቶ ጉልበቱን ያዘ። ያን የሚያህል ገበሬ ገበያ መሐል እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ መልሶ ደግሞ ይስቃል።

«እኛማ አልቅሰንልዎታል እኮ! እናታችን ያረፈች ጊዜ እስከ ሠልስቱ መንገድ መንገዱን ስናይ ሰነበትን። አርባዋም ደረሰ፣ ቀሩ። "አብዬ ቢኖር ከናቴ ለቅሶ ይቀራል? የትም ወድቆ ነው እንጂ" አለች ንግሥቲ። ያን ጊዜ ሁላችንም ልባችን ቆረጠ። እዚያው አርባዋ ላይ የእርስዎን ለቅሶ ደርበን ተቀመጥን። አገሩ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ መርፌዎን ይዘው ነው ያለቀሱልዎ። ንግሥቲማ እስከ ዛሬ ጥቁሯን አላወለቀች! እልል በሉ እንጂ፣ ሰዎች፤ አብዬ አለ!»

ገበያተኛው ከበባቸው፤ እልልታው ቀለጠ። ሐጂ መሐመድሰዒድ ከውስጥ ሆነው ሁሉን ሰሙ። የመሐመድአወልን ፊት አዩት፤ ገባቸው። ደግ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ፤ ወጥተው የአዛናውን ትከሻ ያዙ።

«እግሩን ታሞ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ከአልጋ አልወረደም ነበር። እንኳን አላህ አገናኛችሁ።»

መሐመድአወል «አዎ» ቢል አለቀ። አዛናው የፈለገው ያችኑ ነበር። አፉን ከፈተ፤ «አዎ» ለማለት ነበር የከፈተው።

«አልታመምኩም» አለ። «የተቀበሩ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ለቅሶውን ሰምቻለሁ፣ የንግሥቲን ድምፅም ለይቻለሁ። በታች በደንገሉ መሐል ተደብቄ አለፍኩ።»

እልልታው ቆመ። አዛናው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ አየው፣ የሰማውን አላመነም።

«ለምን፣ አብዬ?»

መሐመድአወል በመዳፉ የተቀመጠባትን ሰሌን መታ መታ አደረገ።

አዛናው በረንዳዋን አየ። ቆርቆሮዋን አየ፣ ሰሌኗን አየ፣ ሣንቃዋን አየ። ሌላ የሚታይ ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ ከጀርባው ያለውን ግድግዳም አየ።

«ለዚች?» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ስላልገባው ነው የጠየቀው።